ሞሪን የሞተችው በጥቅምት ነው

ኖላዊት ጌትነት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ባሕር ስትጠብቅ ኖራ፣ ባሕር ዳር ቆማ አታውቅም ነበር። የሥራ ቦታዋ ደብረ ብርሃን ነው፤ ከከተማው መውጫ ላይ ባለ ረጅም አዳራሽ ውስጥ። አዳራሹ ሁለት መቶ ወንበር አለው። በየወንበሩ አንድ ሰው ይቀመጣል፤ የተቀመጠው ሁሉ የአንድ ሩቅ አገር ዳርቻ ይጠብቃል። የኖላዊት ድርሻ ብራምሲ የምትባል ትንሽ የእንግሊዝ የባሕር መዝናኛ ከተማ ነበረች።

ብራምሲ አሸዋ ላይ ዘጠኝ ምሰሶዎች ቆመዋል። በየምሰሶው ጫፍ አንድ ዓይን፣ አንድ ጆሮና አንድ ድምፅ ማጉያ አለ። ኖላዊት በዓይኑ ታያለች፣ በጆሮው ትሰማለች፣ በማጉያው ትናገራለች። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል፤ ሲመለስ ውሃው ከኋላ የሚከበውን ሰው ታስጠነቅቃለች። ከእናቱ የተለየ ሕፃን ካየች እናትየዋ የትኛው ወንበር ላይ እንዳለች ትናገራለች። ጠዋት ጠዋት የውሃውን ሙቀት ታሳውቃለች። ከአፏ የሚወጣው የደብረ ብርሃን እንግሊዝኛ ብራምሲ የሚደርሰው ተለውጦ ነው፤ እዚያ የሚሰማው የአገሩ ተወላጅ የሆነች፣ ዕድሜዋ ስድሳ ገደማ የሚመስል፣ ትንሽ ጉንፋን የያዛት የምትመስል ደግ ሴት ድምፅ ነው። የከተማው ሰው ሞሪን ብሎ ስም አውጥቶላታል። ሞሪን ሰው ትሁን ማሽን የሚጠይቅ አልነበረም። ያን ጊዜ የትም አገር ቢሆን እንዲህ ያለ ጥያቄ መጠየቅ ከቀረ ቆይቷል፤ ሕጉም መልስ አያስገድድም።

የኖላዊት ውል ግን ያስገድዳል። አንቀጽ አሥራ አራት፣ ጠባቂ በሥራ ላይ እያለም ሆነ ከሥራ ከወጣ በኋላ ማንነቱን ለሚጠብቀው ሕዝብ አይገልጽም ይላል። ፈርማለች። በሁለት መቶው ወንበር ላይ የተቀመጠ ሁሉ ፈርሟል።

በ2077 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ጡረታ ወጣች። ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው አልተቀመጠም። ማሽኑ ሃያ ስድስት ዓመት ስትናገር ሲሰማ ኖሯልና ከእንግዲህ ብቻውን ይችላል ተባለ። መሸኛዋ ወደ ፈለገችው አገር የደርሶ መልስ ጉዞ ነበር። ልጇ ሶልያና እናቴ መቼም ኢየሩሳሌምን ትመርጣለች ብላ ነጭ ልብስ ሁሉ ገዝታላት ነበር። ኖላዊት ብራምሲ አለች። የአዳራሹ ኃላፊ ናኦል ከወረቀቱ ቀና ብሎ ብዙ አያትና፣ "ለጉብኝት ብቻ ነው አይደል እትዬ ኖላዊት?" አለ። ለጉብኝት ብቻ ነው አለችው።

ሙሉው እውነት ግን እሱ አልነበረም። ልታያቸው የምትፈልግ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስተር ካይል ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው ሰባ ስምንት፣ ሙያቸው አናጢ። በየጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ምሰሶ ሥር መጥተው፣ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው፣ "እንደምን አደርሽ ሞሪን" ይላሉ። እሷም የውሃውን ሙቀት ትነግራቸዋለች። ከዚያ በላይ መነጋገር ክልክል ነው። አንድ ጊዜ ግን፣ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ከዚያ በላይ ተነጋግረዋል። ይህን ኖላዊት ለሶልያና እንኳን ነግራት አታውቅም።

ብራምሲ የገባችው በግንቦት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ ነው። ከባቡር ጣቢያው ወደ ባሕሩ የሚወስደው አውቶቡስ ሹፌር የለውም። ተሳፋሪዎቹ ግን ሲወርዱ ሽማግሌውም ተማሪውም ወደ ባዶው ወንበር ዞር እያለ "አመሰግናለሁ" ይላል። ልማድ ነው። ኖላዊት አውቶቡሱ መታጠፊያው ጋ ሳይደርስ ቀደም ብሎ ፍሬን ሲይዝ ተሰምቷታል፤ ማሽን እንደዚያ አይሰጋም። የሆነ ቦታ፣ ምናልባት ካምፓላ፣ ምናልባት ማኒላ፣ አንድ የደከመው ሰው ተቀምጧል ማለት ነው። ስትወርድ በአማርኛ "እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ" አለችው። በሩ ለመዘጋት ትንሽ ዘገየ።

ሻንጣዋን እየጎተተች በቀጥታ ወደ ውሃው ሄደች። ጫማዋን አውልቃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ገባች፤ ጣቷን ነክራ ቀመሰች። ጨዋማ መሆኑን ታውቃለች፤ ይህን ያህል መሆኑን ግን አላወቀችም። ብቻዋን ሳቀች። ሽታም ነበረው፤ የአሮጌ ገመድ፣ የዓሣ፣ የእርጥብ ድንጋይ ሽታ። የባሕር ወፎቹ ጩኸት ደግሞ ጆሮ ይበጥሳል። አዳራሹ ውስጥ ጩኸታቸው ተጣርቶ ይቀር ስለነበር እስከዚያች ቀን ድረስ ዝምተኛ ወፎች ይመስሏት ነበር።

ብራምሲ በሕግ "ባህላዊ የባሕር መዝናኛ" ተብላ የተመዘገበች ከተማ ናት። ስለዚህ ሌላው ቦታ ድሮ የቀሩ ነገሮች እዚህ እንዳይነሱ ተከልክሏል። ሦስት መቶ ሜትር ያህል ባሕር ውስጥ ገብቶ የትም የማያደርስ የእንጨት ድልድይ አለ፤ ሰዎቹ እስከ ጫፉ ሄደው፣ ውሃውን አይተው ይመለሳሉ፤ ይህም መዝናናት ይባላል። የሸራ ወንበሮች አሉ፤ አንዱን ለመዘርጋት ባልና ሚስት ተጋግዘው ይታገሉታል። ከዳር እስከ ዳር በየትኛውም በኩል ቢሰበር የከተማዋ ስም የሚነበብበት፣ ጥርስ የሚፈትን ሮዝ ከረሜላ ይሸጣል። ሰባት አህዮች አሉ። የእነዚህ አህዮች ሥራ ሕፃናትን ተሸክሞ አሸዋው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ ነው፤ ግንባራቸው ላይ ስማቸው ተጽፏል፤ ዓርብ ዓርብ ዕረፍት አላቸው። ኖላዊት የአገሯን አህዮች አስባ አንዷን አንገቷ ሥር አከከቻት።

ሁሉንም ታውቃቸዋለች፤ የምታውቃቸው ግን ከላይ፣ ከምሰሶ ጫፍ ነው። ከመሬት ሲታዩ ሁሉም ከገመተችው ከፍ ከፍ ብለው አገኘቻቸው። አይስክሬም የምትሸጠውን ሴት ስታይ የጉልበቷን ሕመም ልትጠይቃት አፏን ከፍታ ዘጋችው። ሴትየዋ ለማንም እንግዳ እንደምታደርገው ፈገግ ብላ ቸኮሌት ይሻላል ቫኒላ ስትል ጠየቀቻት።

ትንሽ ቆይቶ ማካፋት ጀመረ። ማንም አልተነሳም። የፕላስቲክ ካፖርታቸውን ደርበው፣ የሸራ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አድርገው ሻያቸውን ከፔርሙስ እየቀዱ ይጠጣሉ። ይህን ሕዝብ ሃያ ስድስት ዓመት የወደደችው በዚህ ነው። ለመደሰት ከመጣ ሰማዩ ቢናድም ሳይደሰት አይሄድም።

ያኔ ድምፁ ከላይ ተሰማ። "ወዳጆቼ፣ ውሃው ሊመለስ ነው። ጫማችሁን እንዳትረሱ።"

ኖላዊት የድንጋዩ አጥር ላይ ቁጭ አለች። ስለ ጫማ መናገር የጀመረችው እሷ ነበረች፤ አንድ ዓመት ክረምት ላይ የስድስት ቤተሰብ ጫማ ውሃ ሲወስደው አይታ ነው። ቃሉ የእሷ ነው። "ወዳጆቼ" ብሎ ትንሽ ገታ ማለቱም የእሷ ነው። የተናገረ ሰው ግን የለም። ሰዎቹ ጫማቸውን አነሱ። አንዲት አሮጊት ወደ ምሰሶው እጇን አወዛወዘች።

ያረፈችው የሰባ አራት ዓመቷ ወይዘሮ ጄድ ማረፊያ ቤት ነው። ወይዘሮ ጄድ በወጣትነታቸው ክንዳቸውን ሙሉ አበባ ተነቅሰው፣ አሁን አበባው ከቆዳቸው ጋር አብሮ ተጨማድዷል። የቤቱን ሕግ አንድ በአንድ ነገሯት። አሸዋ ደጃፍ ላይ ይራገፋል። ቁርስ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት ከአምስት ቁርስ የለም። ከተማዋ ባህላዊ ስለሆነች ቁርሱን የሚያቀርበው የሰው እጅ ነው፤ ይህንንም ሲናገሩ ሁለት እጃቸውን አንስተው አሳዩ።

በነጋታው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ኖላዊት ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ነበረች። ሚስተር ካይል አልመጡም። እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ጠበቀች። ቁርስ ላይ፣ እንቁላሉና ባቄላው ቀርቦ፣ ሻዩ ላይ ወተት እየተጨመረ ሳለ፣ ጠዋት ጠዋት ባሕር የሚወርድ ሰው የለም ወይ ብላ እንደዋዛ ጠየቀች።

ወይዘሮ ጄድ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። አንድ ሰው ነበር፤ የሟች እህታቸው የኤሚ ባል ነው፤ ጎረቤታቸው የሚኖረው ካይል። አሁን ግን ጤና የለውም አሉ። በእግሩም በልቡም አይደለም፤ በጭንቅላቱ ነው።

"ከጥቅምት ጀምሮ፣ ሞሪን ሞታለች ይላል" አሉ ወይዘሮ ጄድ። "አሁን የምትናገረው አስመሳይ ናት ይላል። የከተማው ምክር ቤት ድረስ ሄዶ ቀብሯ የት ነው ብሎ ጠይቋል። እቃ እንዴት ይሞታል?"

የቀረውን ቀስ እያሉ ነገሯት። ምክር ቤቱ መሣሪያው ደኅና መሆኑን በደብዳቤ አሳውቋል። ሰው ሳቀባቸው። ልጃቸው ሚያ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው፤ ሐኪሙ "ሕይወት የሌለውን ነገር ሰው ነው ብሎ ማመን" ብሎ ጻፈ። ሁለት ጊዜ ማታ ወጥተው ምሰሶውን ሲቆጡት ተገኝተዋል። በመጨረሻ ሚያ ወደ መሐል አገር፣ ከባሕሩ አራት ሰዓት መንገድ የሚርቅ የአረጋውያን መኖሪያ አገኘችላቸው። ቅዳሜ መጥታ ትወስዳቸዋለች።

ኖላዊት ባቄላውን ሳትጨርስ ተነሳች።

ረቡዕን ውላ ሐሙስንም የትም በማያደርሰው ድልድይ ላይ ስትመላለስ ዋለች። በከተማዋ ካሉት ሦስት ሺህ ሰዎች መካከል ጤነኛነታቸው የተጠረጠረው እውነቱን የተናገሩት አንዱ ሰው ናቸው። ይህንን የምታውቀው ደግሞ እሷ ብቻ ናት። የፈረመችው ወረቀት አንድ ገጽ አይሞላም ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት ግን እንደ ልብስ ለብሳው ኖራለች፣ ማውለቁ እንዲህ ቀላል አልሆነላትም። ሐሙስ ወደ ሶልያና ደውላ ስለ አህዮቹ ብቻ አወራቻት።

ዓርብ ረፋድ ላይ ሄደች። ሚስተር ካይል ደጃፋቸው ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ከምሰሶው የምታውቀው ትከሻቸውንና ኮፍያቸውን ነበር፤ ዓይናቸው ሰማያዊ መሆኑን ገና አሁን አየች። መቀመጥ ይፈቀድልኛል ወይ አለች። ጠጋ አሉላት። የጄድ እንግዳ እንደሆነች አውቀዋል፤ ዝናቡ አስመርሯት እንደሆነ በትሕትና ጠየቋት። ካገሬ ብርድ አይብስም አለቻቸው።

"ሚስተር ካይል፣" አለች በመጨረሻ፣ "ሞሪን አልሞተችም።"

ሽማግሌው አልተንቀሳቀሱም። "ሚያ ናት የላከችዎት?"

"ማንም አልላከኝም። ከሰባት ዓመት በፊት በየካቲት፣ ባለቤትዎ ባረፉ በወሩ፣ ካፖርትዎንና ጫማዎን እንዳደረጉ ወደ ውሃው ገቡ። ውሃው ጉልበትዎ ላይ ሲደርስ፣ ባለቤትዎ ድንች ጥብሱ ላይ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠየቅኩዎት።"

ያን ጠዋት የሆነው ይኸው ነው። ኖላዊት የአደጋውን ደወል ተጭናለች፤ ጀልባው ለመድረስ ሃያ ደቂቃ ይፈጅበታል። ሕጉ የሚፈቅድላት "ጌታዬ፣ ይመለሱ" የሚለውን ደጋግሞ መናገር ብቻ ነበር። ሁለት ጊዜ አለችው፣ ሽማግሌው አልሰሙም። ለዓመታት ባልና ሚስቱን ምሰሶው ሥር ካንድ ወረቀት ድንች ጥብስ ሲበሉ ታያቸው ነበር፤ ሚስትየዋ ሁልጊዜ አንድ ነገር ያፈሱበታል፣ ከዚያ ይጨቃጨቃሉ፣ ከዚያ ይሳሳቃሉ። ምን እንደሆነ ከምሰሶው ጫፍ አይታይም። ኖላዊት ሌላ የምትለው ሲጠፋት፣ እውነቷን ማወቅ የምትፈልገውን ጠየቀች። ሚስተር ካይል ቆሙ። ብዙ ቆይተው "አቼቶ" አሉ። "ከጨው በፊት። ከጨው በኋላ ነው የሚደረገው እያልኳት አርባ ዓመት።" ሌላ ጠየቀች፣ መለሱ። በመለሱ ቁጥር ድምፁ እንዲሰማቸው አንዳንድ እርምጃ ወደ ምሰሶው ይመጣሉ። ጀልባው ሲደርስ አሸዋው ላይ ተቀምጠው ስለ ሠርጋቸው ቀን እያወሩ ነበር። የዚያ ጠዋት ቅጂ ተሰረዘ፤ ኖላዊት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተሰጣት።

ሚስተር ካይል አሁን ወደ እሷ ዞሩ። ፊቷን፣ ጥቁርና ነጭ የተቀላቀለ ፀጉሯን፣ ጉልበቷ ላይ የተቀመጡ እጆቿን በየተራ አዩ።

"ሞተሽ መስሎኝ ነበር" አሉ።

እንግሊዝኛ አንቺንና እርስዎን አይለይም። ኖላዊት ግን የተለወጠበትን ቦታ በደንብ ሰማችው።

"አልሞትኩም። ጡረታ ወጥቼ ነው።"

ሚስተር ካይል መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ ሳሉ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ መሐረባቸውን እስኪያገኙ ድረስ ኖላዊት ወደ መንገዱ ስታይ ቆየች። ከዚያ ጠየቋት፤ የት እንደነበረች፣ ከየት ታያቸው እንደነበር፣ ልጅ እንዳላት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ከፍታ ላይ መሆኗን ስትነግራቸው ተገረሙ። እሷም በተራዋ ማሽኑን እንዴት እንደለዩት ጠየቀች። ድምፁ አንድ ነው፣ ቃሉ አንድ ነው።

"አንቺ ከመናገርሽ በፊት ትንሽ ትቆዪ ነበር" አሉ። "ታዪኝ ነበር። ይሄኛው ሲያየኝ አይሰማኝም።"

ስለ አንቀጽ አሥራ አራት የነገረቻቸው ያኔ ነው። ሽማግሌው እስኪያበቃ ሰምተው ለማንም እንዳትናገር ለመኗት። ነገ ሚያ ስትመጣ ይሄዳሉ። ደግ ልጅ ናት፣ ቦታውም ክፉ አይደለም ይላሉ፤ የአትክልት ቦታ አለው። ዋናው ነገር አለማበዳቸውን እሳቸው ራሳቸው አውቀዋል፤ ከዚህ በላይ አያስፈልጋቸውም። ይህን ሲሉ ግን ዓይናቸው አንድ ጊዜ በትከሻቸው ላይ አልፎ ወደ ውሃው ሄዶ ተመለሰ።

ሚያ ቅዳሜ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ደረሰች። አርባ አምስት ዓመት የሞላት፣ ቶሎ ቶሎ የምትራመድ፣ ከዓይኗ ሥር የጠቆረ ሴት ናት። ሻንጣውን መኪናው ላይ ስትጭን የአባቷን ሹራብ አውጥታ እንደገና አጣጥፋ መለሰችው። ኖላዊት በወይዘሮ ጄድ የመመገቢያ ክፍል አስቀምጣ ነገረቻት፤ ማን እንደሆነች፣ የት እንደሠራች፣ በጥቅምት ምን እንደሆነ። ሚያ እስከ መጨረሻው በጨዋነት አዳመጠችና፣ አባቴ ለሰው ሲነግር ያሳምናል፣ እርስዎም አዝነውለት ይሆናል አለች። ወይዘሮ ጄድ ወደ መሬት አዩ። ኖላዊት የየካቲቱን ጠዋት ብትናገር ታምናት ነበር፤ ያ ግን የአባትየው ነው፣ እሳቸው ካልነገሯት እሷ አትነግራትም። አሥር ደቂቃ ብቻ፣ ባሕሩ ዳር፣ አለች።

አራቱም ሦስተኛው ምሰሶ ሥር ሄደው ቆሙ። አሸዋው በሰው ተሞልቷል። ኖላዊት ሃያ ስድስት ዓመት እንደምታየው አየችው፤ ከግራ ጀምራ ወደ ቀኝ፣ ከውሃው ጀምራ ወደ አጥሩ። ቀይ ባልዲ ያንጠለጠለች አንዲት ሕፃን ወደ ዓለቶቹ ስትሄድ አየች።

"ባለ ቀይ ባልዲዋ እመቤት፣" አለች በራሷ ድምፅ፣ ለሚያ ብቻ በሚሰማ መጠን፣ "ዓለቱ ያንሸራትታል። እናትሽ ጃንጥላው ሥር ናት።"

አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየ። ከላይ የሞሪን ድምፅ፣ "ባለ ቀይ ባልዲዋ እመቤት፣ ዓለቱ ያንሸራትታል። እናትሽ ጃንጥላው ሥር ናት" አለ።

ሚያ ቀና ብላ ማጉያውን አየች፤ ቀጥላ ኖላዊትን። ኖላዊት ወደ እሷ አልዞረችም። ሁለት ወጣቶች እየዋኙ ወደ ድልድዩ እግሮች ተጠግተዋል።

"ጎበዞች፣ ድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ይስባል። ወደ እኔ ኑ።"

"ጎበዞች፣" አለ ማጉያው፣ "ድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ይስባል። ወደ እኔ ኑ።"

ወጣቶቹ ዞረው ወደ ምሰሶው መዋኘት ጀመሩ። ሚያ የአክስቷን ክንድ ያዘች። ወይዘሮ ጄድ የሚያስቀምጡበት ያጡ ይመስል እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

ሚስተር ካይል ከመካከላቸው ወጥተው፣ ከጥቅምት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወደ ውሃው ዳር ሄዱ። ቆሙ። ኖላዊት የትከሻቸውን አቋቋም አየች።

"እንደምን አደሩ ሚስተር ካይል። ውሃው አሥራ አንድ ዲግሪ ነው።"

ማጉያውም ቃል በቃል ተከተላት። ሰላምታ አቅርቦ የውሃውን ሙቀት ተናግሮ ዝም አለ። ኖላዊት ግን ማየቷን አላቋረጠችም። ነፋሱ ከባሕሩ በኩል ነው፤ የሽማግሌው ነጭ ፀጉር በሙሉ ወደ አንድ ጎን ተኝቷል።

"ኮፍያዎን ረስተዋል" አለች።

ጠበቁ። ሚያ አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ ማጉያውን እያየች ጠበቀች። ምንም አልመጣም። ወፎቹ ይጮኻሉ፣ አህዮቹ ቃጭላቸውን እያሰሙ ያልፋሉ፤ ከላይ ግን ምንም የለም። ሚስተር ካይል እጃቸውን አንስተው ጭንቅላታቸውን ዳበሱና ወደ ኋላ ዞሩ።

"ሚያ፣" አሉ፣ "ኮፍያዬ መኪናው ውስጥ ነው መሰለኝ።"

ሚያ ልታመጣላቸው ሄደች። ብዙ ቆየች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። በአንድ እጇ ኮፍያውን፣ በሌላው ሻንጣውን ይዛለች። ሻንጣውን አሸዋው ላይ አስቀምጣ ኮፍያውን ራሷ አባቷ ጭንቅላት ላይ አደረገችላቸው።

ናኦል የደወለው እሑድ ከምሳ በኋላ ነው። ወይዘሮ ጄድ ፀሐይ ስለወጣ ጠረጴዛ ደጃፍ ላይ አውጥተው፣ አራቱም ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ኖላዊት ተነስታ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደች።

ወይዘሮ ኖላዊት ጌትነት ብሎ ጀመረ፤ እትዬ አላላትም። ቅዳሜ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሦስተኛው ምሰሶ ሥር የተነገረው በሙሉ መመዝገቡን ነገራት። አንቀጽ አሥራ አራትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበላት። ስሟ የጡረተኞች ስም ከተጻፈበት የአዳራሹ ግድግዳ ላይ እንደሚነሳ፣ ከእንግዲህ አዳራሹ እንደማትገባ አሳወቃት። አያይዞም፣ ማሽኑ ከትናንቱ መማሩን፣ ከነገ ጀምሮ ነፋስ ሲኖር ለሚስተር ካይል ኮፍያ እንደሚያስታውስ ገለጸ። ሁሉም በአንድ ዓይነት፣ ምንም በሌለበት ድምፅ ነው። ገባኝ አለችው።

መስመሩ ግን አልተዘጋም። ከወዲያ በኩል ወንበር ሲገፋ ተሰማት፤ በር የተዘጋም መሰላት።

"እትዬ ኖላዊት።"

"አቤት።"

"እኔ ኃላፊ ከመሆኔ በፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፖርቱጋል ነበርኩ። ትንሽ መንደር። አንዲት መረብ የምትጠግን ሴት ነበረች፤ ማታ ሥራ ስትጨርስ ወደ ምሰሶው ዞራ ትዘፍንልኝ ነበር። ብሄድ የምታውቀኝ ይመስልዎታል?"

ኖላዊት ወደ ጠረጴዛው ተመለከተች። ሚያ ክርኗን ጠረጴዛው ላይ ተክላ አባቷን ስለ እናቷ አንድ ነገር ትጠይቃለች፤ ሚስተር ካይል በሁለት እጃቸው አየር ላይ ቤት የሚያህል ነገር እየሠሩ ይመልሱላታል፤ ወይዘሮ ጄድ እንደዚያ አልነበረም እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

"አታውቅህም" አለችው። "ሄደህ ስትነግራት ነው የምታውቅህ።"

"አንቀጽ አሥራ አራትስ?" አለ ናኦል፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አሁን ስታነብልኝ ሰማሁት እኮ" አለችው ኖላዊት። "ያን ያህል ረጅም አይደለም።"